በዐሥር ቀን አፍን መፍታት
(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



ከእናንተ መካከል አንድን የውጭ ቋንቋ ሰባትና ስምንት ዓመት የተማረ፥ መጽሐፍ የሚያነብበት፥ በመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ የሚጽፍበት፥ ነገር ግን የቋንቋው ባለቤት ከፊቱ ሲቆም አንደበቱ የሚተሳሰርበት ሰው ጥቂት አይመስለኝም። ይህ የሚሆነው ዕውቀት ጐድሎት ሳይሆን ዕውቀቱ በዓይኑ ገብቶ በአፉ ሳይወጣ ስለ ቀረ ነው። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን አንድ ምሳሌ ከሕንድ አገር ላምጣላችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሳንስክሪት የሕንድ ጥንታዊ የሃይማኖት፥ የቅኔና የፍልስፍና ቋንቋ ነው። ፓኒኒ የተባለው ሊቅ ከ2,300 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሰዋስውን ወደ 4,000 በሚጠጉ አጫጭር ደንቦች ወስኖታል። የሕንድ ራዲዮም ከ1974 ጀምሮ ዜና ያሰማበታል። ሆኖም በ2011 በተደረገው ቆጠራ፥ ከ1,200,000,000 በላይ ከሚሆነው ሕዝብ ሳንስክሪት አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 24,821 ሰው ብቻ ነበር። የእኛን ግዕዝ የሚያስብ ሰው ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። የሚጸልይበትና የሚዘምርበት ብዙ ነው፤ በማዕድ ላይ ውሃ የሚለምንበት ግን አይገኝም።

በ1981 በባንጋሎር ከተማ «ሳንስክሪት እንናገር» የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ። ለጀማሪ የተዘጋጀው ትምህርት በቀን ሁለት ሰዓት፥ ለዐሥር ቀን የሚሰጥ ነው። ከዚህ ሌላ ተማሪዎቹ በአንድ ግቢ እያደሩ የሚማሩበትም አለ። በዚያ ከመኝታ ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ የሚነገረው ሳንስክሪት ብቻ እንዲሆን ይጣራል።

መምህሩ ቃል በቃል አይተረጉምም። እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «መመ ናመ» ብሎ ስሙን ይናገርና ወደ ተማሪው ያመለክታል። መጽሐፍ አንሥቶ «ኤተት ኪም?» ይላል፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው፤ «ፑስተከም» ብሎም ራሱ ይመልሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን በገበታ ላይ ይገኛል። ውሃ የፈለገ «ጀለም»፥ ጨው የጐደለበት «ለቨነም» ማለት አለበት። ጠምቶት የጠየቀበትን ቃል ማን ይረሳል?

የአስተማሪዎቹም ብልሃት የሚደነቅ ነው። ሳንስክሪት ከነጠላና ከብዙ ቁጥር በቀር ለሁለት ነገር ብቻ የሚሆን ቁጥር አለው፤ ያለፈውንም ጊዜ በሦስት ዓይነት ግሥ ይናገራል። ለጀማሪ ይህ ሸክም ይቀልለታል፤ በሁለቱ ቁጥር ፈንታ «ጥንድ» እንደ ማለት ያለ ቃል ይጨምራል፤ ላለፈው ጊዜም አንድ ቀላል አነጋገር ይበቃዋል። ሰውንም በአክብሮት «በቫን» እያለ ሲያነጋግር ግሡን በሦስተኛ መደብ ያደርገዋል፤ እኛ «እርስዎ ይሄዳሉ» ስንል ለ«እነርሱ» የሚነገረውን ግሥ እንደምንወስድ ማለት ነው። ስለዚህ የ«አንተ»ን እርባታ ለጊዜው ባያውቅም አይቸገርም።

ቋንቋው እንዲህ ሲቀልል ይደኸያል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በዐሥር ቀን የካሊዳሳን ቅኔ ለመመርመር የሚደርስ የለም። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ውሃ የሚለምነው ሰዋስው ከመማሩ በፊት ነው። በካርናታካ ግዛት በቱንጋ ወንዝ ዳር ያለችው የማቱር መንደር በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለ የዐሥር ቀን ትምህርት ተደርጎባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሳንስክሪት የሚነጋገሩባት መንደር ተብላ ስሟ ተጠርቷል።

አድማጮቼ፥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ነገር ሰዋስው አይደለም፤ ኀፍረት ነው። የሌላውን ረቂቅ ደብዳቤ እያረመ የኖረ ሰው፥ የልጁ እኩያ የሆነ መምህር አነጋገሩን ሲያርመው ይከብደዋል። ከአዳሪው ግቢ የሚጠቀም ግን ማዕረጉን በደጅ ትቶ የገባ ነው፤ በዚያ ሁሉም ስለሚሳሳት የሚስቅና የሚሳቅበት አይለይም።

እኛ ወደ ባንጋሎር መሄድ አያስፈልገንም። የተመደባችሁበትን አገር ሕዝብ ቋንቋ፥ ወይም ለሥራችሁ የሚያስፈልጋችሁን የውጭ ቋንቋ ለመናገር ከፈለጋችሁ፥ ከአንድ ባልደረባችሁ ጋር ተስማምታችሁ የሻይ ሰዓታችሁን ለዚያ ቋንቋ ብቻ ስጡት። ቃል ሲጠፋችሁ ወደ አማርኛ አትሽሹ፤ በእጃችሁ አመልክታችሁ ጠይቁ። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት ሳይሳሳቱ አልቀሩም እንዳንል፥ በዐሥር ቀን ውስጥ እውነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።