ወታደር አባት፣ የልጃገረዶች ስካውት መሪ
(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ የመጣ ሰው እንደ መሆኔ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ወይም ስለ ፈተና አወጣጥ እንደምናገር የገመታችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ነገር ከዚህ ራቅ ያለ ነው፤ ይኸውም አንድ ወታደር የሆነ አባት የትናንሽ ልጃገረዶችን የስካውት ቡድን ሲመራ ያየሁትን መናገር ነው። ነገሩ ከሥራችን የራቀ የሚመስለው ለጊዜው ብቻ ነው። ወታደርና መምህር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉና፤ ሁለቱም ዛሬ የተከሉትን ነገ በአንዲት የዝውውር ደብዳቤ ምክንያት ጥለውት ይሄዳሉ።

የእህቴ ባል ትውልዱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግል ሰው ነው፤ ማዕርጉንም በእኛ አጠራር ሃምሳ አለቃ ብንለው ያስኬዳል። ከቤተሰቡ ጋር በጀርመን አገር፣ በባቫርያ፣ ፊልዜክ በተባለችው ከተማ ባለው የጦር ሰፈር ተመድቦ ሳለ፣ እኔም በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት ወር ለአጭር ሥልጠና ወደዚያው አገር ሄጄ ስለ ነበር፣ አያሌ የሳምንት መጨረሻዎችን በእነርሱ ቤት አሳልፌአለሁ። ልጃቸው የዚያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አባትዮውም እርሷ ያለችበትን «ብራውኒ» የሚባለውን የ14 ልጃገረዶች ቡድን ይመራ ነበር። የማዕርጉ ስም ሃምሳ፣ ጭፍራው ግን አሥራ አራት ነው እያልን በቤት እንቀልድበት ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት የስካውትን አመጣጥ በአጭሩ ላስታውስ። መሥራቹ ሮበርት ቤድን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኰንን ሲሆን፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1899 እና በ1900 ማፌኪንግ የምትባለውን የደቡብ አፍሪካ ከተማ ተከቦ ሳለ ለ217 ቀናት በመከላከሉ ስሙ የገነነ ነው። በዚያ ከበባ ጊዜ የከተማዪቱ ወንዶች ልጆች መልእክት በማድረስ ሲያገለግሉ አይቷል። በ1907 በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የልጆች ሰፈር አቋቋመ፤ በማግሥቱም ዓመት መጽሐፉን አሳተመ። የእርሱ አሳብ ለወንዶች ልጆች ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በ1909 በለንደን በተደረገው ትልቅ የስካውቶች ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠራቸው ልጃገረዶች መጥተው «እኛም ስካውቶች ነን» አሉ። ከዚህ የተነሣ በ1910 የልጃገረዶች ማኅበር በእኅቱ በአግነስ መሪነት ተቋቋመ። በ1912 መጋቢት ወር ደግሞ ጁልየት ጎርደን ሎው በአሜሪካ፣ በሳቫና ከተማ፣ 18 ልጃገረዶችን ሰብስባ የአገሯን ቡድን መሠረተች። እንግዲህ ሴቶቹ ወደ ስካውት የገቡት ተጋብዘው ሳይሆን ራሳቸው በሩን አንኳኩተው ነው፤ ይህንን ተማሪዎቼ ሲሰሙ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ።

ይህ ሰው ከሩቅ አገር ቢነሣም መጨረሻው ከእኛ ብዙም አልራቀም። የሞተው በ1941 በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኒዬሪ ሲሆን፣ መቃብሩም በዚያው ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ነጥብ ተቀርጻለች፤ ይህችም በስካውቶች የመንገድ ምልክት «ወደ ቤቴ ሄጃለሁ» ማለት ናት። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ወታደር ሆኖ ሳለ ልጆቹን በሰልፍ ልምምድ ማሠልጠንን አለመውደዱ ነው። ልጆቹን በትንንሽ ጓዶች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ጓድ ከልጆቹ አንዱን አለቃ አድርጎ፣ ኃላፊነቱን እውነተኛ አድርጎ ይሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ፊልዜክ ልመለስ። ስብሰባው ዓርብ ከትምህርት በኋላ በሰፈሩ ትምህርት ቤት በአንዲት ክፍል ይደረጋል። በመሪው ፈቃድና በረዳቲቱ ስምምነት ሁለት ጊዜ ገብቼ ተመልክቻለሁ። የመሪው ሚስት ወንድም ብሆንም እንኳ፣ ወንበሬ ከበሩ አጠገብ እንዲሆን፣ ከልጆቹም አንዲቱን ብቻዋን ወደ የትም እንዳልወስድ አስቀድሞ ተነገረኝ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ስድብ ይቈጥረው ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። የማኅበሩ ደንብ በማናቸውም ስብሰባ ላይ ቢያንስ ሁለት የታወቁና የተመረመሩ አዋቂዎች እንዲገኙ፣ እነርሱም በሥጋም ሆነ በትዳር ያልተዛመዱ እንዲሆኑ፣ ከሁለቱም ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ያዛል። ረዳቲቱ የሌላ ወታደር ሚስት ነበረች። ወደ ውጭ በሚወጡበትም ቀን ለዚያ ዕድሜ ሁለት አዋቂዎች የሚበቁት እስከ 12 ልጃገረድ ድረስ ስለ ሆነ፣ ለአሥራ አራቱ ሦስተኛ ሰው ካልተገኘ ጉዞው ይቀራል። «ዛሬ ለአንድ ቀን ይታለፍ» የሚል ቃል ከማንም አልሰማሁም።

ወታደር ልጆችን ሲመራ ሰው የሚጠብቀው ትእዛዝና ሰልፍ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የምትሰማው የልጃገረዶቹን ድምፅ ነበር። በግድግዳው ላይ ከወፍራም ወረቀት የተቈረጠ ክብ መንኰራኵር ተሰቅሏል፤ በዳሩ ላይ የልጆቹ ስም፣ በመካከሉም ላይ የሥራው ዓይነት ተጽፏል። ማን ስብሰባውን ትከፍታለች፣ ማን ምግቡን ታድላለች፣ ማን መዝሙር ታስጀምራለች፣ ማን ክፍሉን ትጠርጋለች፣ ይህ ሁሉ በየሳምንቱ በአንድ እርምጃ እየዞረ ይደርሳቸዋል። ተራዋ የደረሰ ልጅ ክቡን ሠርታ ሦስት ጣቷን አንሥታ ቃል ኪዳኑን ታስብላለች። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዲቱ የጎረቤቷን እጅ ጨበጥ ታደርጋለች፤ ያ ጭብጫብ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ ጀመረችው ሲመለስ ስብሰባው ይፈታል። መሪው በዚህ ሁሉ መካከል ከልጆቹ ጋር በቁመታቸው ልክ ተቀምጦ ጫማ የተፈታባትን ያስራል፣ ክር የተወሳሰበባትን ይፈታል።

የገዛ ልጁን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። በቤት «አባዬ» የምትለው ልጅ በስብሰባ ላይ እንደ ባልንጀሮቿ «ሳጅን» ትለው ነበር፤ ይህንንም የወሰነችው እርሷ ራሷ ናት አሉኝ። በበኩሌ አልጣመኝም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ለአባቷ ሌላ ስም ልትሰጥ አይገባትም ብዬ ለእህቴ ነገርኋት። እህቴ ግን «አባቷ የሁሉም እንዲሆን ለሁለት ሰዓት አበድራዋለች፤ ተዋት» አለችኝ። በእርግጥም ተራዋ በመንኰራኵሩ ላይ ካልደረሰ በቀር አባቷ ቀድሞ አይጠራትም፤ ሲደርስም አይዘላትም። የገዛ ልጆቻችሁን በክፍላችሁ ያስተማራችሁ ሁሉ የዚህን ክብደት ታውቁታላችሁ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው አንድ ጥቁር ክላሰር ነው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት አንድ ሰው ከምድቡ ሲለቅ ተተኪው የሚመራበትን መዝገብ አዘጋጅቶ ማስረከብ የተለመደ ነው። ሃምሳ አለቃው ይህንን ልማድ ከጦሩ ወደ ልጃገረዶቹ አምጥቶታል። በክላሰሩ ውስጥ እያንዳንዷ ልጅ የማይስማማት ምግብ፣ ከስብሰባ በኋላ ማን እንደሚወስዳት፣ የትኛውን ሥራ ጀምራ የት እንዳደረሰችው፣ የቡድኑ ገንዘብ ገቢና ወጪ፣ የመንኰራኵሩም ተራ የት ላይ እንደ ቆመ ተጽፏል። አንዳንዱ ገጽ እንዲህ የሚል ነው፦ ይህች ልጅ ስትቈጣ ዝም ትላለች፤ አትጫኗት፣ ቀለም ስጧት። እኔ በመምህርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ስለ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ የርክክብ ቃል በጽሑፍ ደርሶኝ አያውቅም። የሚደርሰን ውጤትና የቀረበት ቀን ብዛት ነው።

ክላሰሩ የተፈተነው እኔ ከመሄዴ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2022 የካቲት ወር መጀመሪያ፣ በሩስያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሊነሣ በተቃረበ ጊዜ፣ ወደ 1000 የሚሆኑ የአሜሪካ ወታደሮች ከጀርመን ወደ ሩማንያ እንዲሄዱ ታዘዘ፤ የተነሡትም ከፊልዜክ ሰፈር ነበር። የእህቴ ባል ከእነርሱ አንዱ ሆነ። የመሰናበቻ ስብሰባ ለማድረግ እንኳ ጊዜ አላገኘም። በሚቀጥለው ዓርብ ረዳቲቱ ሌላ እናት ጨምራ፣ ክላሰሩን ከፍታ፣ መንኰራኵሩን በአንድ እርምጃ አዞረችው፤ ተራዋ የሆነችውም ልጅ ክቡን ሠራች። አባቱ የሄደባቸው ልጆች በክቡ ውስጥ ከአንዲት በላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ቡድኑ በዚያ ቀን ቢበተን ኖሮ የሚጠፋው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የወታደር ልጅ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ያህል አገርና ትምህርት ቤት ትለውጣለች ይባላል። እንደዚህ ላለች ልጅ ዓርብ በሰዓቱ የሚሆን ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም።

የሃምሳ አለቃው ልጅ ግን በዚያ ወራት ተራዋ ሲደርስ ክቡን አልከፍትም ብላ ለጎረቤቷ አሳለፈች። አልተቈጧትም፤ አላባበሏትምም። ስሟ ከመንኰራኵሩ ላይ እንዳለ ቆየ። ዞሮ ሁለተኛ ሲደርሳት ተነሥታ ሦስት ጣቷን አነሣች። ይህን የነገረችኝ ረዳቲቱ ናት፤ ልጅቱ እስከ ዛሬ አንሥታው አታውቅም። በክላሰሩም ውስጥ በረዳቲቱ እጅ በአንድ መስመር ተጽፎ አይቼዋለሁ፦ «ዛሬ ከፈተች።»

የሙያ ጓደኞቼ፤ በየገጠሩ ትምህርት ቤት የሚሆነውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ትጉህ መምህር ይመጣል፤ የልጃገረዶች ክበብ ያቋቁማል፤ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፤ ጓሮ ይተክላሉ፣ ድራማ ያወጣሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መምህሩ ይዛወራል። በመስከረም የክበቡ ስም በዕቅድ ወረቀት ላይ ይገኛል፣ ልጆቹ ግን አይገኙም። ስለዚህም ሰልጣኞቻችንን «ትጉ» ብለን ብቻ መሸኘታችን አይበቃም፤ እንዴት እንደሚያስረክቡም ልናስተምራቸው ይገባናል እላለሁ። ክበቡ በአንድ ሰው ትጋት ብቻ የቆመ እንደ ሆነ፣ ሰውዬው ሲሄድ ልጃገረዲቱ የምትማረው ነገር ክፉ ነው፤ የተጀመረላት ነገር ሁሉ የሚፈርስ መሆኑን ትማራለችና።

«እነርሱ ሀብት አላቸው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ሀብቱስ አላቸው። ነገር ግን የወረቀት መንኰራኵርና አንድ ደብተር የማይገኝበት ትምህርት ቤት አላውቅም። ችግር የሚሆነው የሁለቱ አዋቂዎች ነገር ነው። ሴት መምህርት በሌለችበት ትምህርት ቤት አንድ ወጣት መምህር የልጃገረዶችን ክበብ ብቻውን ይመራል፤ ይህ ለልጆቹም ለእርሱም የሚበጅ አይደለም። ሰውን ለማማት አይደለም የምናገረው፤ እኔ በበሩ አጠገብ የተቀመጥሁት ታምቼ እንዳልሆነ ሁሉ። ከወላጆች ኮሚቴ አንዲት እናት፣ ወይም የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁለተኛ ሆና ብትመደብ፣ እርሷም ያልመጣች ቀን ስብሰባው ቢቀር፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የርእሰ መምህሩ አንድ ትእዛዝ ነው እንጂ በጀት አይደለም። የትምህርት ኃላፊዎች በዚህ ስላላችሁ በተለይ ለእናንተ አቀርበዋለሁ።

እኛ ባለንበት ማሠልጠኛ ለተግባር ልምምድ የሚወጡት ሰልጣኞች ከክበብ ሪፖርት ይልቅ የክበብ ርክክብ ደብተር እንዲያቀርቡ ከዘንድሮ ጀምሮ ሞክረናል። አንዳንዶቹ ደብተሮች በስብሰባ ቃለ ጉባኤ የተሞሉ ናቸው፤ ስለ ልጆቹ አንዳች አይናገሩም። ሁለት ሦስቱ ግን ሲነበቡ ልጆቹን በስማቸው የማውቃቸው መሰለኝ። ያከራከረን ደብተሩ በማን እጅ ይቆይ የሚለው ነው። ርእሰ መምህሩ ይያዘው ያልን ነበርን፤ ርእሰ መምህሩም ይዛወራል። መዝገብ ቤት ይግባ ያሉ ነበሩ፤ መዝገብ ቤት የገባ ደብተር ግን ማን ያወጣዋል? እኔ የልጆቹን ምሥጢር የያዙት ገጾች ከሁለተኛዪቱ አዋቂ ዘንድ ቆይተው፣ የሥራው ተራና የተጀመረው ሥራ የተጻፈበት ክፍል ከልጃገረዶቹ መካከል ከፍ ያለችው እንድትይዘው አሳብ አቅርቤ ነበር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ በክረምት ዝናብ ያበላሸዋል፣ ታናሽ ወንድሟ ይቀድደዋል አሉ። ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተሻለ ቦታ የሚያውቅ ቢኖር ግን ከምሳ በፊት ባለው የውይይት ጊዜ ብሰማው እወዳለሁ።