የኢሜይል ርዕስ ሲዘበራረቅ መልእክቱ ጠፋ ማለት አይደለም

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ከአምቦም፣ ከጉደርም፣ ከጊንጪም የሚደወለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ለኦዲት የቆየ ኢሜይል ሲፈለግ ርዕሱም የላኪው ስምም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ቫይረስ ነው ወይስ ኔትወርክ? ሁለቱም አይደሉም፤ ማስረጃውም እጃችሁ ላይ ነው። ከዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው መስመር በአፋን ኦሮሞ የተላከው ደብዳቤ ርዕሱ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የተዘበራረቀው የአማርኛው ነው። ኔትወርክ ደግሞ ቋንቋ አይመርጥም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል ደንብ ለራስጌው፣ ማለትም ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ቀኑና ርዕሱ ለሚሰፍሩበት ክፍል፣ የፈቀደው 128 ምልክቶችን ብቻ ነው። የአፋን ኦሮሞው ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በዚያ በር ያለችግር ያልፋል። የግዕዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ርዕሱ ቤዝ64ን በመሰለ አጻጻፍ ተጠቅልሎ፣ በምን እንደተጻፈ የሚናገር ምልክት ተደርጎበት መላክ አለበት። አንዳንድ ፕሮግራም፣ በተለይ ለአንድ ቢሮ ተብሎ የተሠራ ማሳወቂያ ላኪ፣ ሳይጠቀልል ጥሬውን ይለቀዋል። ተቀባዩ ምልክቱን ሲያጣ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የአውሮፓ ፊደል ይቆጥራል፤ «አምቦ» ሦስት ሆሄ መሆኑ ቀርቶ ዘጠኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ፤ ነገሩ በጣም ደስ የሚል ስለሆነ ነው። ቁቤም ሁልጊዜ አያመልጥም። ሁዻ የምንለው ጭረት በቀጥታ ከኪቦርድ ሲጻፍ ደህና ነው፤ ዎርድ በራሱ ጊዜ ሲያጎብጠው ግን ሦስት ባይት ይሆንና «ቡኣ» የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ይሰበራል። በሽታው አንድ ነው።

አሁን ደጋግሜ የምናገረውን ልድገመው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የተዘበራረቀ ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ባዶ ሳጥን ካያችሁ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፤ ኢሜይሉን አትንኩት። ጭረት ያለባቸው የአውሮፓ ፊደላት ከተደረደሩ ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ናቸው፤ ይድናል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረና በጥሬው ፋይልም ውስጥ እንደዚያው ከሆነ ግን አንዱ ፕሮግራም ሆሄውን አውጥቶ ጥሏል፤ ይህን የሚመልስ ስክሪፕት የለም። ሦስቱን ሳትለዩ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አታጥፉ፤ እባካችሁ!

ለሚድነው ሊኑክስ ላይ አጭር የሼል ስክሪፕት ይበቃል። ስክሪፕቱ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ ያነባል፤ በክፍት ቦታ ወይም በታብ የሚጀምር መስመር የላይኛው ቀጣይ ስለሆነ ያገናኘዋል፤ የመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ ሲደርስ ማረሙን ያቆማል። ከዚያ በታች አባሪው አለ፤ ፋይሉን ሙሉ ሴድ በሚባለው ትእዛዝ የሚያርም ሰው ደህናውን ፒዲኤፍ ሊያበላሽ ይችላል። ርዕሱ ውስጥ ጥሬ ባይት ካገኘ ይጠቀልለዋል። አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት እንዲበልጥ የአጠቃለሉ ደንብ ስለማይፈቅድ በቤዝ64 የሚይዘው ቢበዛ 15 ሆሄ ነው፤ ሲቆረጥ ሆሄው መሃል ላይ መቆረጥ የለበትም። አንዴ በስህተት ተነብቦ እንደገና የተቀመጠውን ግን መጀመሪያ አይኮንቭ በሚባለው መሣሪያ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ም» 225፣ 136 እና 157 በሚሉ ሦስት ባይቶች ትጻፋለች፤ በዊንዶውስ-1252 ሠንጠረዥ 157 ቦታ የለውም። ስለዚህ «አምቦ» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ሁለተኛው ሆሄ ላይ ሊቆም ይችላል። ስክሪፕቱ ሲያቅተው ገምቶ መሙላት የለበትም፤ ፋይሉን ለይቶ ለሰው ዓይን ያስቀምጥ።

«ላኪው ድጋሚ ቢልክ አይቀልም?» የሚሉ አሉ። ላኪው ፕሮግራም ካልተስተካከለ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይመጣል፤ በዚያ ላይ ቀኑ የዛሬ ይሆናል፤ ለኦዲት የሚፈለገው ደግሞ የዚያን ጊዜው ቀን ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ ራስጌን መንካት ሰነድ መደለዝ አይሆንም ወይ? ስጋቱ እውነት አለው። ብዙ ሰርቨሮች ራስጌው ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራሉ፤ የተፈረመበት ርዕስ ሲታረም ፊርማው ይፈርሳል። እንዲያም ሆኖ መልሱ ማረምን መተው አይደለም፤ የማይነበብ ርዕስ በፍለጋ አይገኝም፤ የማይገኝ ሰነድ ደግሞ ለኦዲተሩ እንደሌለ ነው። መልሱ ዋናውን ሳይነኩ ቅጂውን ማረም ነው። ፎርሜይል የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በትንሹ «አይ» ሲታዘዝ አዲሱን ርዕስ ጽፎ የቀድሞውን «ኦልድ» የሚል ቅድመ ቅጥያ ሰጥቶ ያቆየዋል፤ በትልቁ «አይ» ሲታዘዝ ግን የቀድሞውን ይሰርዘዋል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል መጠን ነው፤ እጃችሁ ወደ ትልቁ እንዳይሄድ አደራ።

እንግዲህ የቢሮ ኢሜይል የምትይዙ ሁሉ፣ ኦዲተር ከመምጣቱ በፊት ዛሬውኑ ሙሉውን ሳጥን በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱት፤ ስክሪፕቱንም መጀመሪያ ከቅጂው ላይ በተወሰዱ ጥቂት መልእክቶች ሞክሩት። ፕሮግራሙን ለሠራላችሁ ባለሙያም ርዕሱን ጠቅልሎ እንዲልክ ንገሩት።