ሳይጠሩት አቤት የማይለው ተማሪ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ተሰጥዎ ያለው ልጅ እንዴት ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ ምን ይደረግለታል? የሚለው ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ጠመኔ ይዘው ከሰሌዳ ፊት የሚቆሙ ስለሆኑ ጥያቄው የሥራችን ጥያቄ ነው። ደግሞም እያንዳንዳችን ተመርጠን እዚህ የደረስን ነንና፣ የአመራረጥ ነገር የራሳችንም ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ የምናቀርበው ከሩቅ አገር የተገኘ ታሪክ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ከማያሚ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ብሮዋርድ የሚባል አውራጃ አለ። የትምህርት ወረዳው ከአገሪቱ ትላልቅ ወረዳዎች አንዱ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት፣ አሠራሩ ሲለወጥም ሆነ ለውጡ ሲቋረጥ የተገኘው ውጤት በቁጥር ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። ጥናቱን ያካሄዱት ዴቪድ ካርድና ሎራ ጁሊያኖ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ናቸው፤ ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑት ሰው ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከ2005 በፊት በብሮዋርድ የነበረው ሥርዓት እንዲህ ነበር። አንድ ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት እንዲገባ በመጀመሪያ መምህሩ ወይም ወላጁ «ይህ ልጅ ይፈተን» ብሎ ማመልከት ነበረበት። ከዚያም የሥነ ልቡና ባለሙያ ይፈትነዋል። በአእምሮ ብቃት መለኪያው 130 ነጥብ ያገኘ ልጅ ይገባል፤ ከድኃ ቤተ ሰብ ለተወለደ ወይም እንግሊዝኛን ገና ለሚማር ልጅ ግን 116 ነጥብ ይበቃው ነበር። ገንዘብ ያለው ወላጅ ደግሞ ለግል ባለሙያ ከፍሎ ልጁን ማስፈተን ይችላል።

እንግዲህ አስተውሉ፤ በደንቡ ላይ ድኃውን የሚከለክል አንድም ቃል የለም። እንዲያውም ነጥቡ ተቀንሶለታል። ሆኖም ጥቁሮቹና ሂስፓኒክ የሚባሉት ልጆች በቁጥር ከተማሪው ግማሽ በላይ ሆነው ሳሉ፣ ልዩ ተሰጥዎ አላቸው ተብለው ከተመዘገቡት የሦስተኛ ክፍል ልጆች መካከል ግን ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ።

በ2005 ወረዳው አንድ ነገር ለወጠ። ማንም ሳያመለክት፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ አንድ አጭር ፈተና እንዲፈተኑ አደረገ። ፈተናው ቃላት የማይጠይቅና በሥዕላዊ ቅርጾች ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ገና ያላወቀ ልጅም ሊሠራው ይችላል። በዚህ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ወደ ዋናው ፈተና ተላኩ። የመግቢያው ነጥብ ግን አልተለወጠም። ውጤቱም እንዲህ ሆነ፦ ከሂስፓኒክ ልጆች ከመቶ 2 የነበረው ወደ 6፣ ከጥቁሮቹ ከመቶ 1 የነበረው ወደ 3፣ ከነጮቹም ከመቶ 6 የነበረው ወደ 8 ከፍ አለ። ቀድሞ ሳይጠቈሙ ይቀሩ ከነበሩት መካከል የድኃ ልጆች፣ እንግሊዝኛ ተማሪዎችና ሴቶች ልጆች ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ልጆች በ2005 በድንገት ብልህ አልሆኑም። በዚያው በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ የጠራቸው ግን አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው፣ በደንቡ ላይ የመግቢያውን ነጥብ ዝቅ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አመልካች ለሌለው ልጅ የተቀነሰው ነጥብ ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ጨዋ ልጅ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይልም። አብዝቶ የሚጠይቅ ልጅ ለፍላፊ ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል። ወላጅም ቢሆን መምህሩን ከማክበሩ የተነሣ «የልጄን ነገር እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ይተዋል እንጂ ሄዶ ይፈተንልኝ አይልም። ይህን አክብሮት ይዘው የተሰደዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ አውራጃ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መግለጫ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መግለጫው በገዛ ቋንቋ መድረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አመልክቶ መጠየቅን ያልለመደ ወላጅ ካነበበው በኋላም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ልጁን የመፈለጉ ግዴታ በትምህርት ቤቱ ላይ መሆን አለበት እንላለን።

ወደ ብሮዋርድ እንመለስ። ይህ አሠራር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባለሙያዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ልጆች መፈተን ነበረባቸውና። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በጀቱ ሲጠብ፣ በ2010 የጠቅላላው ፈተና ተቋረጠ። ልዩነቱም ወደ ነበረበት ተመለሰ። በልጆቹ ላይ ክፉ ያሰበ ሰው መኖሩን አላነበብንም፤ ከበጀቱ ላይ አንድ መስመር መሰረዙ ግን በቂ ነበር። መልካም አሠራር አንድ ጊዜ ተጀምሮ ለዘላለም የሚኖር አይደለም፤ በየዓመቱ ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ልጁ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግለታል? የሚለው ነበር። በዚሁ ወረዳ ከ2004 ጀምሮ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል አንድ እንኳ ልዩ ተሰጥዎ ያለው ልጅ የተመዘገበበት ትምህርት ቤት ራሱን የቻለ ክፍል እንዲከፍት ታዞ ነበር። የተረፈው ወንበር ባለፈው ዓመት ፈተና ከፍተኛ ውጤት ባገኙ ሌሎች ልጆች ይሞላል። ጥናቱ ያሳየው ነገር ብዙዎቻችንን ያስገርማል። በአእምሮ መለኪያው ነጥብ የገቡት ልጆች በንባብና በሒሳብ ፈተና ያሳዩት ጭማሪ አልተገኘም። በክፍል ሥራቸው ምክንያት ወንበር ያገኙት ጥቁሮችና ሂስፓኒክ ልጆች ግን እጅግ ተሻሻሉ፤ በሌላው ክፍል የቀሩት ልጆችም አልተጎዱም። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲገምቱ፣ እነዚህ ልጆች በተለመደው ክፍል ሳሉ መምህራን ከእነሱ ብዙ አለመጠበቃቸውንና የጓደኛ ተጽዕኖን ይጠቅሳሉ።

ስለዚህ ልጁን የሚጠቅመው «ባለ ተሰጥዎ» የሚለው ስም አይደለም። የሚጠቅመው ከእሱ ብዙ የሚጠበቅበት ወንበር ነው። መለኪያውም ቢሆን ይሳሳታል። ሉዊስ ተርማን በ1921 በካሊፎርኒያ ብልህ ልጆችን ሲመርጡ፣ ኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ በልጅነታቸው ተፈትነው ነጥቡ አልሞላላቸውም ነበር። ወደ ልዩ ትምህርት የሚያስገባው በር ከአንድ በላይ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

ከመካከላችሁ «በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ታጭቆ፣ መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ ስለ ልዩ ተሰጥዎ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ክፍሉ በሰፋ ቍጥር ዝም ያለው ልጅ ይበልጥ ይሰወራል፤ ልጁ በሚጠፋበት ስፍራ መፈለግ ቅንጦት ሊሆን አይችልም። ስድሳውን ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ በወረቀት መጠየቅም ከወረቀትና ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለትምህርት ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንወጣ ሁሉ፣ እጁን የሚያወጣውን ልጅ ብቻ አንጠይቅ፤ የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዘን በተራ እንጥራ። ሁለተኛ፣ በክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ ስፍራችን ስንመለስ የማጠናከሪያ ትምህርት የምንሰጥ፣ ተማሪ የምንቀበለው በማመልከቻ ሳይሆን ከየክፍሉ ሁሉንም ፈትነን ይሁን፤ ከፈተናው ሌላ የክፍል ሥራቸውንም እንመልከት። ሦስተኛ፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ በዚሁ ግቢ ባለው ክፍላችሁ ውስጥ አንድም ቀን ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ ቢኖር፣ እባካችሁ በስሙ ጥሩት።

እኛ እዚህ የደረስነው በጥረታችን መሆኑን አንክድም። ሆኖም በየመንገዳችን ስማችንን የጠራልን አንድ ሰው ነበር፤ መምህር ይሁን፣ አጎት ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን። ከእኛ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ እኛ እየተረዳ፣ ማንም ሳይጠራው የቀረ ልጅ ሁላችንም እናስታውሳለን። የእሱን ወንድም ወይም እኅት ነገ ክፍላችን ውስጥ እናገኛቸዋለን።