ያረጀ መጽሐፍ ክብር



በጥንታዊቷ ካይሮ፣ ፉስጣጥ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኩራብ፣ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ብራና ወይም ወረቀት ቢያረጅና ቢቀደድ፣ እንደ ጉድፍ ከመጣል ይልቅ ‹ጌኒዛ› በሚባለው ስውር ዕቃ ቤት ማኖር የአበው ሥርዓት ነበረ።

ስለ ስሙ ክብር የተጠበቀውን ይህን ክምር፣ እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ሰሎሞን ሼክተር የተባለ ሊቅ ከካምብሪጅ ወደ ካይሮ ወርዶ አቧራውን እያራገፈ ቢመረምረው፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቅዳጅ ጋራ የነጋዴ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ ሕፃናት ፊደል የቆጠሩበት ገጽ ሳይቀር ተቀላቅሎ ስለ ተገኘ፣ የነገሥታት ዜና መዋዕል የዘነጋው የመካከለኛው ዘመን ተራ ሕዝብ ኑሮ ለዓለም ተገለጠ።

ብራና እንደ ሥጋችን ኃላፊ ጠፊ መሆኑ እሙን ነው፤ ብል ይበላዋል፣ ዝናም ያጠፋዋል። ይሁን እንጂ አበው ባያከብሩት ኖሮ ለሊቃውንቱ ባልደረሰ፤ ሊቃውንቱም ባይመረምሩት ኖሮ ክብሩ ሁሉ ለብል ሲሳይ በሆነ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍን በአክብሮት የምንሳለም ሁሉ፣ ገልጦ ማንበብና ያነበቡትን ለልጅ ማስተማር የመሳለሙ ፍጻሜ መሆኑን ልብ እንበል።