ስልኬ ሲጠፋ እኔም ጠፋሁ

(በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ባዘጋጀው የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የክበባችሁ ሰብሳቢ ደውላ “ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ወጣቱ ትናገርልናለህ?” ስትለኝ መጀመሪያ አንገራግሬ ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ስልክ የምናገረው አንድ የራሴ ታሪክ አለኝ። እሱን ልንገራችሁ።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የእናቱን ወይም የአባቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ እጁን ያውጣ! … አያችሁ? ግማሽ እንኳ አልሞላም። አትፈሩ፣ እኔም እንደናንተው ነበርኩ።

ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል ደግሞ በ1991 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። እኔ የተወለድኩት በሁለቱ መሀል፣ በ1990 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሞባይልን በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ ማለት ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር ግን እኩያ ነን። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ያለው ከተወለድኩ ጀምሮ ነው።

በሀገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አባቴ አልደረሰበትም። እኔ በ1998 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ ሆኜ ጀመርኩ። መድኃኒቱ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት የሚወሰድ ነበር። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ግን በግድግዳው አልፎ ይሰማል። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሙዚቃ ሲጀምር እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ ትነሳለች። “ና የኔ ጌታ፣ ቫይታሚንህን ውሰድ” ትለኛለች። መብራት የጠፋ ቀን ዜናው አይሰማም። ያን ጊዜ ሻማ ይዛ ጎረቤት ትሄድና ሰዓት ጠይቃ ትመለሳለች። አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም።

ቫይታሚን አለመሆኑን የነገሩኝ በ12 ዓመቴ ነው። እናቴና የሆስፒታሏ ነርስ አብረው ሆነው ነገሩኝ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልናገርም። አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ነገር ገባኝ።

9ኛ ክፍል ስገባ አጎቴ አንድ ቀፎ ገዛልኝ። ባለ ቁልፍ፣ ትንሽ ስልክ ነበረች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዋናው ደስታዬ ግን የደወሉ ነገር ነው። በየቀኑ 2 ሰዓት ሲሆን ኪሴ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ማንም አይሰማ፣ ማንም አያይ። “እማ፣ ከእንግዲህ አንቺ አትልፊ፣ ስልኬ ይነግረኛል” አልኳት። “ባትሪው ሲያልቅስ?” አለችኝ። ሳቅኩባት።

ውድ ተማሪዎች፣ ስልኬ ያኔ ብዙ ጠቅሞኛል። በዚያን ጊዜ “ወገን” የሚባል፣ በ952 የሚደወልበት ነፃ የስልክ መስመር ነበር። ስሜን ሳልናገር ለሰው አፍ አውጥቼ ልጠይቅ የማልደፍረውን ሁሉ ጠይቄበታለሁ። “ማግባት እችላለሁ? ልጅ መውለድ እችላለሁ?” ብዬ ጠይቄ “ትችላለህ” የተባልኩት በዚያ መስመር ነው። ቴክኖሎጂ ክፉ ነው ብዬ ልሰብካችሁ እንዳልመጣሁ ከዚህ ልትረዱ ትችላላችሁ።

ነገር ግን ቀስ በቀስ ሁሉን ነገር ለስልኩ አስረከብኩት። የመድኃኒት ሰዓቴ እዚያ፣ የሆስፒታል ቀጠሮዬ እዚያ፣ የእናቴ ቁጥር እዚያ፣ የነርሷ ቁጥር እዚያ። ሚስጥር የማያወጣ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ አስብ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ከቤተሰብ ርቄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቴ ተቀይሮ ማታ ማታ አንድ እንክብል ብቻ ሆኖ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በጥር 2010 ዓ.ም.፣ ታክሲ ተራ ግፊያ ውስጥ ስልኬ ተመነተፈ። በጓደኛዬ ስልክ ለእናቴ ልደውል ብዬ ቀፎውን ተቀበልኩ። 09… ብዬ ቀረሁ። ቁጥሩን አላውቀውም! የወለደችኝን እናቴን ቁጥር!

የመጀመሪያውን ማታ ስናጠና አመሸንና ሳልወስድ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሁለተኛው ማታ እኩለ ሌሊት ላይ ባንኜ ትዝ አለኝ። በሦስተኛው ጭራሽ ረሳሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስታውሰኝ ነገር ከውጭ ነበር፤ መጀመሪያ እናቴ፣ ኋላ ስልኬ። ራሴ ማስታወስን አልለመድኩም።

አሁን “ለዶርም ጓደኛህ ‘2 ሰዓት ሲሆን አስታውሰኝ’ ብትለው አይበቃም ነበር?” ትሉኝ ይሆናል። ይበቃ ነበር። ግን “ለምን?” ቢለኝስ? ይቺን “ለምን” ፈርቼ ዝም አልኩ። የቀጠሮዬ ቀንም አለፈ፤ የተጻፈው የጠፋው ስልክ ላይ ነዋ! እንክብሉም አለቀ። “ብር ላጠራቅምና ስልክ ስገዛ ሁሉም ይስተካከላል” እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት የጥበቃ ሠራተኛ ልኮብኝ ወደ ግቢው በር ወጣሁ። እናቴ ነጠላዋን እንዳደገደገች ቆማለች። ስልኬ ጥሪ አልቀበል ሲላት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታለች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ “መድኃኒትህስ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፋሁ።

በማግስቱ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ደሜ ሲመረመር የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 ቅጂ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲል በምርመራ አይታይም ነበር። ሲስተር እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱ መራባት አይችልም። ሲቋረጥ ግን እንደገና ይራባል። አንዴ እየወሰዱ አንዴ እያቋረጡ ሲሄዱ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ከተላመደው ያ መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይሠራም። ቀጥላም “ከስልክህ ሌላ የሚያስታውስህ ማን አለ?” አለችኝ። “ማንም የለም” አልኳት። “እንግዲያው ያመመህ እሱ ነው” አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ ነገርኩት። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ “ታዲያ ይሄን ነው የደበቅከኝ? እኔ እኮ ሱስ ጀምሯል ብዬ ሰግቼ ነበር” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን “ሻይ ጠጣህ?” ይለኛል። ሌላው ሰው ሻይ ይመስለዋል። እኔም እንክብሉን ከጥርስ ብሩሼ ጋር አስቀመጥኩት። ከሦስት ወር ተከታታይ የምክር አገልግሎት በኋላ እንደገና ስመረመር ቫይረሱ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ወርዶ ነበር። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህንን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ለቤተሰቦቻችሁም ንገሩልኝ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በቴሌግራም፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ ታስታውሱ ይሆናል። ስልክ ያኔ ባለውለታችን ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ግን ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። የዛሬ ባለውለታ ነገ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልምከራችሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ስልክ ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ። የወላጅ፣ የቅርብ ዘመድና የጓደኛ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጤናችሁ ስልክ ላይ ያነበባችሁትን ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ አረጋግጡ። “ኤች አይ ቪን የሚያድን መድኃኒት አለን” የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ብታዩ አትመኑ፤ የሚያድን መድኃኒት በየጤና ተቋሙ አይሰጥም፣ የሚቆጣጠረው ግን ይሰጣል። አስገድዶ መድፈር ወይም ሌላ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር ቢደርስባችሁ ደግሞ መከላከያ መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ይህ ጊዜ ጎግል ላይ ስንፈልግ የምናባክነው ጊዜ አይደለም። ወደ ጤና ተቋም ሩጡ!

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ የሚያውቀውን ሚስጥር ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቀው። ስልክ ሰዓት ይነግረናል፣ ስንጠፋ ግን አይፈልገንም። እኔን አውቶቡስ ተሳፍሮ የፈለገኝ ሰው ነው።

አሁንም ስልኬ ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል። አልደበቅኳችሁም፣ አልጣልኩትም። ግን ብዙ ጊዜ ሲደውል ወስጄ ጨርሻለሁ። የእናቴን ቁጥርም በቃሌ ይዣለሁ፤ ከፈለጋችሁ ልቁጠርላችሁ?