ብቅል ሲበዛ ምን ይፈጥናል?



የዱርቤቴ ሰው ስለ ጠላ አጠማመቅ እንዲነግረው ተማሪ አይጠራም። እኔ የምናገረው ስለ ብቅሉ ብቻ ነው።

ገብስ ሲበቅል ኤንዛይም የሚባል ነገር ይበዛበታል። ይህም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሰዎች በ1833 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን ኤንዛይም ከብቅል ለይተው አወጡት።

በክፍላችን በሁለት ብርጭቆ እኩል የስታርች ውሃ አደረግን። በአንዱ አንድ ማንኪያ፥ በሌላው ሁለት ማንኪያ የብቅል ውሃ ጨምረን መጠኑን በንጹሕ ውሃ አስተካከልን። ስታርች እስካለ ድረስ ጠብታው በአዮዲን ሲነካ ይጠቁራል። ሁለት ማንኪያ የገባበት መጥቆሩን የተወው በግማሽ ጊዜ ያህል ነበር።

ነገሩ እንደ ደቦ ነው። አጫጁ እጥፍ ቢሆን ጤፉ በግማሽ ቀን ይታጨዳል፤ ማሳው ግን አይሰፋም። አጫጁ ከማሳው በላይ ከሆነ ደግሞ የተረፈው ማጭዱን ይዞ ይቆማል።

እናቴ የምታስተምረኝ ጠላ ሸጣ ነው። ጠላው እንዲጠነክርላት ብቅሉን ታበዛለች፤ ገብሱም ውድ ነው። ስኳሩ በብዛት የሚገኘው ግን ከእንኩሮው ነው፤ ብቅሉ የራሱን ጥቂት ቢጨምርም። እንኩሮውም ሳይበርድ ከገባ ሙቀቱ ኤንዛይሙን ያበላሸዋል። ይህን ስነግራት «እሱንማ እጄ ያውቃል» አለችኝ። ብቅሉን ስለ መቀነስ ግን አላመነችኝም፤ ለፋሲካ አንዲት እንስራ ብቻ ልትሞክርልኝ ፈቅዳለች።