በባልዲ ነው በጀበና?

ዛሬ ስለ ሽንት ቤት መቀመጫ የማጠብ ጉልበት እናወራለን። ዳንግላ ላይ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጆሯችሁን ስጡን።

ስማርት የሚባለው መቀመጫ ክዳኑን ራሱ ይከፍታል፤ ክረምት ላይ መቀመጫውን ያሞቃል። ደስ ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማጠብ ጉልበቱን ጠይቁ እላለሁ።

የማጠብ ጉልበት ምንድን ነው? እስቲ በሐምሌ ጭቃ የተለወሰ በረንዳ አስቡ። አንድ ባልዲ ውሃ በጀበና እየቀዳችሁ ብታንቆረቁሩበት ጭቃው ንቅንቅ አይልም። ያንኑ ባልዲ በአንዴ ብትደፉት ግን ጠርጎት ይሄዳል። ውሃው ያው ነው፤ አመጣጡ ነው የተለየው።

ሽንት ቤትም እንዲሁ ነው። ከሥሩ የታጠፈ ቱቦ አለ። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሽታ ያግዳል። ታዲያ ውሃው በአንዴ ሲመጣ እጥፋቱን ሞልቶ፣ ቆሻሻውን ስቦ ይወርዳል። ቀስ ብሎ ከመጣ ግን ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

አንዳንዱ ስማርት መቀመጫ ደግሞ የውሃ ማጠራቀሚያ የለውም፤ የሚሠራው በቧንቧው ግፊት ነው። ቧንቧው ሲደክም የማጠብ ጉልበቱም ይደክማል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቧንቧችሁን ከፍታችሁ ባልዲው ሲሞላ እዩ። ከዘገየ፣ ማጠራቀሚያ ያለውን ምረጡ። ደግሞም መብራት ሲጠፋ ውሃው በእጅ እንዴት እንደሚለቀቅ ሻጩ እዚያው ያሳያችሁ።